በሃያ ስምንት የዋለው ገና

"ልጅቷን ይዘናት እንሄዳለን።"

እናናየሁ ይህን የሰማችው ከቤቷ ጀርባ ፍልጥ ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ነው። የቤቷ ግድግዳ የጥድ እንጨት በጭቃ የተመረገ ነበር፤ ምርጉ ከተሰነጠቀ ሁለት ክረምት አልፎታል። ባሏ ታመነ ዛሬ ነገ እደፍነዋለሁ ሲል ዘመቻ ሄዶ በዚያው ቀርቷልና በስንጥቁ ብርዱም ወሬውም እንዳሻው ይገባል፣ ይወጣል። ውስጥ የሚናገረው የባሏ ታላቅ ወንድም ወልደአረጋይ ነው። የሚናገረውም ለእናቱ ለእመት ወለተ ሥላሴ ነው። ሌሎቹ እንግዶች ከልጅቷ ጋር ደጅ በቅሎዎቹን ያስራሉ፤ የአሮጊቷ ጆሮ ከበድ ስለሚል ሰውየው በሹክሹክታ ሊላቸው የፈለገውን ሁሉ እየጮኸ ነው የሚላቸው። "ጓዳውን አየሽው አይደል፣ እምዬ? በገና ዕለት እሳት ላይ የተጣደ አንድ ድስት የለም። አያ ኪዳነ ማርያምን ያመጣኋቸው አይተው እንዲፈርዱ ነው። አሁን ምንም እንዳትያት፤ እህል ከቀመስን በኋላ እኔው እነግራታለሁ።" አሮጊቷ አልመለሱም። እናናየሁ ፍልጡን አቅፋ ብዙ ቆመች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር፤ ፍርሃቱ ዘግይቶ መጣ። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ንጋቷ ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የዘንድሮው የነቢያት ጾም የመጀመሪያ ጾሟ ሲሆን አንድ ቀን ሳታጎድል ጾማዋለች።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቀን ስሕተት ነው። ታመነ የሞተው አምና በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን ነበር። ኮርቻ ሠሪ ነበር እንጂ ተዋጊ አልነበረም፤ የጌቶቹን የበቅሎ ዕቃ ሊጠግን ሐረር ድረስ ተከትሎ ሄዶ መንገድ ላይ ንዳድ ጣለው። መርዶው አንኮበር የደረሰው መጋቢት ውስጥ ነው፤ አርባው አልፏል፣ ተዝካርም አልወጣለትም። ወልደአረጋይ ያን ጊዜ ለልቅሶ መጥቶ፣ "ሙት ዓመቱ ላይ እናካክስለታለን" ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ ታመነን ባነሣ ቁጥር "በገና ዕለት የሞተው" ይላል። ዘንድሮ ግን ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ያለፈው የሉቃስ ዘመን ጳጉሜን ስድስት ሆና ስላለቀች ገና በሃያ ዘጠኝ መዋሉ ቀርቶ በሃያ ስምንት ዋለ። ይህ በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ነገር ነው፤ ካህናቱ ያውጃሉ፣ ሕዝቡም ሰምቶ ያከብራል፣ ማንም አይቸገርበትም። እናናየሁም ይህን አውቃ የባሏ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ መዘዞ ለሚሄድ የጨው ነጋዴ፣ "ሙት ዓመቱ ሃያ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ነው በላቸው" ስትል ልካ ነበር። ወልደአረጋይ ሃያ ዘጠኝ የሚለውን ሲሰማ "ያው ገና ማለት ነው" አለና ዘመዱን ሁሉ ለገና አንኮበር ጠራ። ኋላ በደብሩ ገና ዓርብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ደግሞ ገናውን ተከትሎ የወንድሙን ሞት በአንድ ቀን አስቀደመው።

እንዲህ ሆኖ ነው ዓርብ ረፋድ ላይ አሥራ አንድ ሰው ደጇ የቆመው። ሌሊቱን መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድረው፣ እዚያው ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጾማቸውን የሚፈቱት እሷ ቤት እንደሆነ እርግጠኛ ሆነው አንድ ነገር ሳይቀምሱ ነው የመጡት። እመት ወለተ ሥላሴ በበቅሎ፣ አያ ኪዳነ ማርያም በበቅሎ፣ ሌላው በእግሩ። አያ ኪዳነ ማርያም መዘዞ ላይ የወሰን ጠብም የባልና ሚስት ጠብም ያለ እሳቸው የማይፈታ ሽማግሌ ናቸው። እናናየሁ ጉልበታቸውን ስማ ስታስገባቸው ቤቱን ከማገር እስከ ምድጃ በዓይናቸው ለኩት። ለምን እንደሚለኩት ያን ጊዜ አልገባትም ነበር፤ አሁን ከግድግዳው ጀርባ ሆና ገባት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በአንድ በኩል መደብ፣ በሌላው በኩል ታመነ ቆዳ ይወጥርበት የነበረው እንጨት፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ጓዳ። ድሮ ቤተ መንግሥቱ አንኮበር ሳለ በዚህ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ኮርቻ ይሠራ ነበር፤ ጌቶቹ ወደ እንጦጦ ካቀኑ ወዲህ ግን ባለ በቅሎው ሁሉ ተከትሎ ሄዶ ከተማው ለቄሶች፣ ለባልቴቶችና ለጉም ቀርቷል። እናናየሁ የምትኖረው በፈትል ነው። ዓርብ ዓርብ ቁልቁለቱን ወርዳ አልዩ አምባ ገበያ ጥጥ ትገዛለች፤ አምና በአንድ አሞሌ ጨው የምታገኘውን ጥጥ ዘንድሮ ሁለት ጠይቀዋታል፤ የፈተለችውን የሚገዛት ሸማኔ ደግሞ ዋጋውን አልጨመረላትም። ደጅ አንዲት የምትታለብ ላም አለቻት። ለገና ያሰበችው ለሁለት ሰው የሚበቃ ዓይብ፣ አንድ የገብስ ዳቦና ጥቂት ቅቤ ነበር። እናትና ልጅ ገናን ለማክበር ከዚህ በላይ አያስፈልገንም ብላ ወስና ደስ ብሏት ነው ያደረችው። ለነገው ሙት ዓመት ደግሞ በሁለት አሞሌ የገዛችው በግ ደጅ ታስሯል፤ ጠላው ገና ድፍድፍ ነው፤ ዛሬ ውኃ ተጨምሮበት ነገ ነው የሚጠጣ፤ የዳቦው ቡሖም ዛሬ ማታ ነው የሚጋገር። በጉን ዛሬ ለእነዚህ ካረደችው ነገ ለካህናቱና ለነዳያኑ የምታቀርበው የላትም፤ ወልደአረጋይም "የወንድሜ ሙት ዓመት ባዶ ዋለ" ይላል። ካላረደችው "በገና ዕለት የሚበላ አጣን" ይላል። በሁለቱም መንገድ የሚደርሰው ከንጋቷ ነው።

ወልደአረጋይ ክፉ ሰው ነው ማለት አይቻልም። ታመነን ይወደው ነበር፤ በልቅሶው ጊዜ ደረቱን ሲደቃ ያዩ ሁሉ አዝነውለታል። ነገር ግን ሚስቱ በየዓመቱ የምትወልድ፣ ቤቱ በሕፃን የተሞላ፣ ሕፃን የሚያዝል ጀርባ ያጠረው ሰው ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አይቶ ዝም ማለት አልሆነለትም። ይህን ደግሞ ለራሱም ቢሆን እንዲህ ብሎ ነግሮት አያውቅም፤ እሱ የሚያየው የወንድሙ ልጅ መራቧን ነው።

ፍልጡን ይዛ ስትገባ ጨዋታው ቆመ። ሰዎቹ ከደጅ ገብተው በመደቡና በአጎዛው ላይ ተደርድረው የመንገዱን ብርድ፣ የገብሱን አዝመራ፣ የበቅሎዋን ሰኮና ሲያወሩ ቆይተው ነበር፤ አሁን ሁሉም እሳቱን ያይ ጀመር። ንጋቷ ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ የእጃቸውን ደም ሥር በጣቷ ትከተላለች። እመት ወለተ ሥላሴ ከገቡ ጀምሮ "እንደምን አላችሁ" ካሉት በቀር ቃል አልወጣቸውም። እናናየሁና እሳቸው ድሮም ብዙ አይነጋገሩም። ታመነ ያገባት እናቱን ሳያማክር ነበርና አሮጊቷ ለስምንት ዓመት ያህል ይህን ዝም በማለት ሲያስታውሷት ኖረዋል፤ ከመርዶው ወዲህ ደግሞ ዝምታው ከልማድ ይሁን ከኀዘን መለየት አይቻልም።

"በጉ ምን ይጠብቃል?" አለ ወልደአረጋይ በበሩ ወደ ደጅ እያየ።

"ነገን ይጠብቃል" አለች እናናየሁ። "ውኃ ቀድቼ መጣሁ፤ ተጫወቱ።" እንስራዋን አዝላ ወጣች።

ወደ ምንጩ ግን አልሄደችም። የነፍስ አባቷ የመምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። መምሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘምሩ አድረው በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያንቀላፋሉ። መስቀላቸውን ተሳልማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ልጅቷም የሰማችውን አልደበቀችም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሰሟት። "ዛሬ የጌታ በዓል ነው" አሉ። "በዛሬ ቀን ፍትሐት አይደረግ፣ ሙሾ አይወርድ። የታመነ ቀን ነገ ነው፤ ነገ በጠዋት እንጸልይለታለን። በስሙ ያሰርሽውን ለቀኑ ተይው።" እናናየሁ፣ "አሥራ አንድ አፍ ቤቴ ተቀምጧል፣ አባቴ፤ ጾም የሚፈታ አፍ ነው" አለች። ሽማግሌው ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። "እኔ የማውቀው ቀኑን ነው፣ ልጄ። ድስቱን አንቺ ታውቂያለሽ።" ደግሞ አንቀላፉ። እናናየሁ ተናደደች፤ ቄስ ላይ መናደድ ኃጢአት ነው ብላ ደግሞ በራሷ ተናደደች።

ስትመለስ በብርሃነሽ ቤት በኩል አለፈች። ብርሃነሽ ጎረቤቷ ናት፤ ከወለደች ገና አምስት ቀኗ ነው። ከቤቱ የተቆላ ገብስና የቀለጠ ቅቤ ሽታ ይወጣል፤ አራስ ጥየቃ የመጡ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ጠርዝ እየጠረጉ ይወጣሉ። ከእነሱ ውስጥ አንዷ የከተማው ሀብታም ሚስት ነበረች፤ ለዛሬው በዓል ብላ ሁለት ፍሪዳ ያረደች። እሷም ገንፎ በልታ ነው የምትወጣው፤ ፊቷ ላይ ቅር ያላት ነገር አይታይም። እናናየሁ እንስራዋን እንዳዘለች መንገዱ መሐል ቆማ ቀረች። ከአራስ ቤት ሥጋ የሚጠብቅ ሰው የለም። ከአራስ ቤት "ገንፎ ሰጡኝ" ብሎ የሚያማ ሰውም የለም። ዛሬ ደግሞ ማን ነው የወለደው? ቀልድ የያዘች ያህል ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ገብታ ብርሃነሽን "ትልቁን ድስትሽን አውሺኝ" አለቻት። ድስቱ ገና ትኩስ ነበር፤ እንስራዋን ከዚያው ቤት ውኃ ሞልታ፣ ድስቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ጓዳዋ ውስጥ አንድ ቅል ቅቤ አለ። ጾሙን ሙሉ የታለበው ወተት ነው፤ የሚጠጣ ስለሌለ ተንጦ ተንጦ የተጠራቀመ። እናናየሁ ይህን ቅቤ ለሌላ ነገር ነበር ያሰበችው፤ ለሚቀጥለው ዓርብ አልዩ አምባ ወርዳ በጥጥ ልትለውጠው። ለሁለት ወር ፈትል የሚበቃ ጥጥ ነው። ቅሉን ከፍታ አየችው፣ ገጥማ መልሳ አስቀመጠችው፣ ደግሞ አነሣችው። በመጨረሻ ማንኪያውን እስከ እጀታው ሰድዳ ዛቀች። ከዚያ በኋላ አላመነታችም። ውኃው ሲፈላ የገብሱን ዱቄት እየበተነች በማማሰያው ትመታዋለች፤ ድስቱን በሁለት እግሯ መሐል ይዛ፣ ላቧ ግንባሯ ላይ እየወረደ። መጋረጃውን አልፎ ሽታው ሲሄድ ከወዲያ በኩል ያለው ጨዋታ ቀነሰ፤ ከዚያ ጨርሶ ቆመ። ከእንግዶቹ ጋር ከመጡት ሴቶች አንዷ "ላግዝሽ?" ብላ ገባች፤ ድስቱን ስታይ አፏን ያዘች፣ ግን ጎንበስ ብላ ማማሰያውን ተቀበለቻት።

ገንፎው በሁለት ገበቴ ተደርጎ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ፣ ጉድጓዱ በቅቤና በበርበሬ ተሞልቶ ቀረበ። በዙሪያው ዓይቡን ደረደረችው።

"ገንፎ ነው?" አለ ወልደአረጋይ። "ለገና?"

እናናየሁ ቆማ ነበር። "አዎን፣ ገንፎ ነው። ዛሬ ማን ወለደች፣ አያ ወልደአረጋይ? የወለደች ሴት ልትጠይቁ ስትሄዱ የሚቀርብላችሁ ምንድን ነው? የታመነ ቀን ነገ ነው፤ መምሬም ዛሬ ፍትሐት አይደረግም ብለዋል፤ በጉም የነገ ነው። ዛሬ የመጣችሁት የእመቤታችን አራስ ቤት ነው። ከአራስ ቤት ገንፎ ሳይቀምስ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።"

ወልደአረጋይ ወደ ሽማግሌው ዞረ። አያ ኪዳነ ማርያም ገበቴውን አዩ፤ እናናየሁን አዩ፤ ጺማቸውን አንዴ ከላይ ወደ ታች አበጠሩት። እሳቸውም ከትናንት ጀምሮ አልበሉም። "ከአራስ ቤት የቀረበ እምቢ አይባልም" አሉና እጃቸውን ለመታጠብ ዘረጉ። እየታጠቡ፣ "ለመሆኑ ሙት ዓመቱ ዛሬ ነው ያለን ማን ነበር?" ሲሉ ጠየቁ። ወልደአረጋይ የሱሪውን ጉልበት ከአቧራ ያራግፍ ጀመር። እናናየሁም የላከችውን መልእክት ልታነሣ ትችል ነበር፤ አላነሣችውም።

በአራስ ቤት ገንፎው ሳይቀመስ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ፣ ለወንድ ልጅ ሰባት ጊዜ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይህ የኀዘን ቤት ነው። የእናናየሁ ፀጉር ተላጭቶ ገና በወጉ አልበቀለም፤ ከመጋቢት ወዲህ በዚህ ጣሪያ ሥር እልልታ ተሰምቶ አያውቅም። ማን ይጀምር? ያን ጊዜ እመት ወለተ ሥላሴ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። ድምፃቸው ቀጭንና ሻካራ ነበር፤ የመጀመሪያውን ብቻቸውን አሉት፣ ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ሴቶቹ ተከተሏቸው። አምስተኛው ላይ የአሮጊቷ ድምፅ ተቆረጠ። ታመነ ሲወለድም ሰባት ጊዜ እልል ተብሎ ነበር፤ ይህን በአፉ ያነሣ ሰው አልነበረም፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ገባው። እናናየሁ አለቀሰች። በበዓል ቀን እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ስታለቅስ ሴቶቹ ሰባቱን ሞሉት።

ከዚያ ተበላ። እርግጥ ነው፣ ሰዎቹ በሐሳባቸው ሥጋ ሲቆርጡ የመጡ ናቸው፤ በመጀመሪያው ጉርሻ ላይ አንዳንዱ ፊት ጭፍግግ ብሎ ነበር። ነገር ግን የአርባ ቀን ጾም አፍ ቅቤ ሲነካው ብዙ አይከራከርም። እጅ ከእጅ እየተጋጨ ገበቴው መጋጠጥ ጀመረ። ንጋቷ ቅቤው አገጯ ላይ ወርዶ ትስቃለች። እናናየሁ አጓት በዋንጫ እያዞረች ሳለ ዓይኗ ከእመት ወለተ ሥላሴ ላይ አረፈ። አሮጊቷ ማንንም አያዩም። ገንፎውን በሦስት ጣት እየቆረሱ፣ ቅቤው ውስጥ እየነከሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይውጣሉ፤ ደግሞ ይቆርሳሉ። አፋቸው ውስጥ የቀረ ጥርስ የለም። እናናየሁ ይህን ያን ጊዜ አስተዋለች። መዘዞ፣ በሚኖሩበት በልጃቸው በወልደአረጋይ ቤት፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይታረዳል፤ ምርጡ ብልት የሚቀርበውም ለእሳቸው ነው። በክብር ይቀርብላቸዋል፣ እሳቸውም በክብር ተቀብለው አገላብጠው ያዩትና ለልጆች ያድሉታል። እንጀራውን በመረቅ አርሰው ይውጡና "ጠገብኩ" ይላሉ። ስንት ፋሲካ፣ ስንት ገና እንዲህ እንዳለፈ የቆጠረ የለም። እናናየሁ ከድስቱ የቀረውን ጨልፋ ከፊታቸው አስቀመጠችው። ቀና ብለው አዩዋት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ አይተዋት አያውቁም። ጨረሱት።

ከሰዓት በኋላ ጎረምሶቹ ከታች ሜዳው ላይ ገና ሲጫወቱ ጩኸታቸው እስከ ቤቱ ይሰማ ነበር። ወንዶቹ ወጥተው ጥቂት አይተው፣ ጉሙ ከቆላው ሲነሣ ብርዱ መለሳቸው። ሁሉም ተመልሶ ቦታውን ሲይዝ ወልደአረጋይ ጉሮሮውን ጠራረገ። እናናየሁ የክር እንዝርቷን አስቀመጠች፤ በበዓል ቀን እንደማይፈተል ብታውቅም እጇ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነበር።

"አያ ኪዳነ ማርያም" አለ፣ "እዚህ ድረስ ያደከምኩዎ ለዚህ ነው። የወንድሜን ልጅ ወስጄ ላሳድግ እፈልጋለሁ። ቤቱን አይተውታል።"

"አየሁት" አሉ ሽማግሌው። "ስንመጣ ባዶ ነው ብለኸኝ ነበር። አሥራ አንድ ሰው በልቶ ጠግቧል፤ እኔም ጠግቤያለሁ። ሌላ የምትለው ካለህ በል።"

"አንድ ቀን ገንፎ ማገንፋት ልጅ ማሳደግ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ጥጥ ፍለጋ አልዩ አምባ ትወርዳለች። ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን እስክትወጣ ይመሻል። ልጅቷ ያን ቀን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምትውል? ጎረቤት ሲመቸው ከጎረቤት፣ ሳይመቸው በሩ ላይ ብቻዋን። እኔ የወንድሜን ልጅ ደጅ ጥዬ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

አያ ኪዳነ ማርያም ወደ እናናየሁ ዞሩ። "እውነቱን ነው?"

መዋሸት ትችል ነበር። ብርሃነሽ ትጠብቃታለች ልትል አሰበች፤ ብርሃነሽ ግን አራስ ናት፣ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ባለፈው ዓርብ ከገበያ ስትመለስ ንጋቷን ደጁ ላይ ብርድ ቆራርጧት፣ ላሟን አቅፋ ነው ያገኘቻት። "እውነቱን ነው" አለች። ድምፅዋ ለራሷም ሩቅ ሆነባት። ንጋቷ ነገሩ ስለ እሷ እንደሆነ ገብቷት እናቷ ነጠላ ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ጺማቸውን ያዙ። ፍርድ ሊናገሩ ሲሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ መዘዞ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃል። እናናየሁ ፍርዱን ሳይናገሩት ሰማችው፤ ልጇን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች፤ ነገ ፍትሐቱ ሲያበቃ በበቅሎው ላይ ሲያወጧት ታያት።

"ከእኔ ጋር ትውላለች" አሉ እመት ወለተ ሥላሴ።

ወልደአረጋይ ያልሰሙ መስሎት ጎንበስ ብሎ ጮኸ፦ "መዘዞ ነው የምትሄደው፣ እምዬ! እኛ ጋ!"

"ሰምቻለሁ። ጠዋትም ሰምቻለሁ።" አሮጊቷ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። "ልጅቷ የትም አትሄድም። እኔም አልሄድም። ዓርብ ዓርብ በሩን እይዝላታለሁ። ጥጥ መባዘት አልረሳሁም፤ እባዝትላታለሁ። የአያት ቤት ሄዳ ከምታድግ አያቷ ቤቷ መጥታለች። ኪዳነ ማርያም፣ ሌላ የቀረ ነገር አለ?"

አያ ኪዳነ ማርያም እጃቸውን ከጺማቸው ላይ አወረዱ። አያት ካለችበት ቤት ልጅ ብቻዋን ትውላለች ብሎ መሟገት እንደማይቻል ለመናገር አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን እፎይታም አለ፣ ከሁሉ በላይ የወደዱት ሳይፈርዱ መቅረታቸውን ነው። "የቀረ ነገር የለም" አሉ።

እናናየሁ አሮጊቷ እግር ላይ ወደቀች። ደስ ብሏት ጉልበታቸውን ሳመች። ግንባሯን ሳታነሣ ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፦ ቅቤው አልቋል፤ ጥጡ አይገዛም፤ ገብሱ ለሁለት ሰው እስከ ሰኔ ይደርሳል ብላ ነበር፣ ለሦስት ሰው ግንቦትን መሻገሩንም እንጃ። እንዲህ ባለ ሰዓት ዱቄት ማሰቧ አሳፈራት። ግን ማሰቡን አልተወችም። ቀና ስትል አሮጊቷ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው አገኘቻቸው።

"እኔስ ታዲያ መዘዞ ምን ብዬ ልግባ?" አለ ወልደአረጋይ።

"ልጅ ላመጣ ሄጄ እናቴን ሰጥቼ መጣሁ በላቸው።"

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ፊቱን ስታየው ግን ሳቋን ዋጠች። ሰውየው ተጎድቷል። የተበደለ ሰው አነጋገር ነበር የተናገረው፤ ደግሞም ከልቡ ነበር። "ምን ጎደለብሽ፣ እምዬ? በምድጃው ቀኝ የምትቀመጪው አንቺ፣ ሽንጡና ጎድኑ ተመርጦ የሚቀርበው ላንቺ። የትኛው በዓል ላይ ነው ያጎደልኩብሽ?"

እመት ወለተ ሥላሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ነካ አደረጉት፤ ትንሽ ልጅ ሳለ ያደርጉት እንደነበረው።

"ምንም አላጎደልክብኝም፣ ልጄ" አሉት። "ዛሬ ግን በላሁ።"